ያለ ክር የፈታሁት ሽቦ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ሃያ አራት ዓመት የሞተር ብስክሌት ኤሌክትሪክ ስጠግን ኖሬያለሁ። ፈልጌ ያጣሁት ብልሽት ጥቂት ነው። አውቄ ሳልጠግነው የቀረሁት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የባለቤቴ ሞተር ነው።

ባለቤቴ በለጠ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ሞተሩ የማይነሣው እኔው ስለፈታሁት መሆኑን ሳልነግረው ነው ያረፈው። «የሺ የማትሠራው የለም» እያለ በየደረሰበት ሲያወራልኝ የኖረ ሰው ነው። ታዲያ በመጨረሻ የኔን መሥራት አቃታት ብሎ ይሆን የሞተው? ወይስ አውቆብኝ፣ ዋሸችኝ ብሎ? ዓመቱን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። መንገር የምፈልገው ግን ለእሱ ነበር።

አሁን ልጃችን ትዕግሥት ሞተሩን ልትወስድ ትመጣለች። ዘመሮ ላይ እንደ አባቷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ተመድባለች። «እማዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አስነሺልኝ» ብላለች። መቀመጫውን አንሥቼ ያቺን ሽቦ ከማየቴ በፊት ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ሲከብደኝ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ግቢ እወጣለሁ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በግምጃ ቤት በር ነው። በወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ደረሰኝ ስጽፍ፣ መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት አምስት ሞተሮች መጡልን። ሌላ ቦታ ሠርተው የደከሙ፣ ቀለማቸው የተላጠ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ጋሼ ተክሌ ተቀጠሩ። ጋሼ ተክሌ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። በቀድሞው ጦር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ኖረው፣ ጦሩ ሲበተን ብዙውን መንገድ በእግራቸው መጥተው አገራቸው የገቡ። ግምጃ ቤቱና ጋራዡ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እጃቸውን አያለሁ።

አንድ ቀን የፍሬቻ አምፖል ጠየቁኝና አስፈርሜ ሰጠኋቸው። የማን ሞተር አምፖል እንደተቃጠለ ስጠይቃቸው የማንም አልተቃጠለም አሉኝ። አምፖሏ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በእርሳስ በየዱ። የአንዱን ጫፍ መርፌ፣ የሌላውን መቆንጠጫ አደረጉበትና ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። መርፌው ኃይል ያለበት ሽቦ ላይ ሲነካ ትበራለች፤ የሌለበት ላይ ዝም ትላለች። ሰው ይዋሻል፣ ይቺ ግን አትዋሽም ይሉ ነበር። በኋላ ቁጥር የሚያሳየው ቴስተር ሲመጣልን እንኳ ያችን አምፖል ከአንገታቸው አላወለቋትም።

ለማያውቃቸው ሰው ሰነፍ ይመስሉ ነበር። ሞተር ሲመጣላቸው መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩታል። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጂውን ይጠይቁታል። መቼ ጀመረው? ዝናብ መትቶት ነበር? መብራቱ ደብዝዞ ነው የጠፋው ወይስ ድንገት ድርግም ብሎ? ክላክሱስ? ይህን ሳይጨርሱ ካቻቢቴ አያነሡም። «ባትሪው ነው» ብሎ የሚጀምር ነጂ ከመጣ «እንግዲያው አንተ ሥራው፣ እኔ ልረፍ» ይሉታል። ባትሪን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፤ ገዳዩን ሳታገኚ አዲስ ብትከቺ ሁለተኛውንም መግደልሽ ነው ይሉኝ ነበር።

ሲጀምሩ ከምንጩ ነው። ባትሪውን ይለካሉ፤ ጫፎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ ያጥባሉ። ማሳውን፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ይፈገፍጉታል። ከዚያ ፊውዙ። ከዚያ ከዲናሞው የሚመጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች። ከዚያ የዲናሞውን ኃይል ለባትሪው የሚመጥነው ሬጉሌተር። ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ሲሰጠው የባትሪው ልክ ከአሥራ ሁለት ተነሥቶ አሥራ አራት አካባቢ ካልደረሰ ባትሪው እየተመገበ አይደለም። የኛዎቹ ሞተሮች እሳታቸውን የሚያገኙት ከባትሪ ስለሆነ፣ ባትሪው ካልተመገበ ነጂው መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ጋሼ ተክሌ ከነዚህ ደረጃዎች አንዱን ዘለው አያውቁም። የመስኖ አገር ልጅ ናቸውና ውኃ ሲቋረጥ ቦዩን ከላይ ጀምረው እንደሚወርዱት ነበር የሚሠሩት።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ብልሽት መሪው አንገት ላይ ነበር። ወደ ግራ ሲታጠፍ መብራቱ የሚጠፋ ሞተር ነው። ጋሼ ምሳ ሄደው ሳለ ወንፊቱን አልፌ ገባሁና መሪውን ቀስ እያልኩ ሳዞር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጨመቅኳቸው። አንዱ የላይ የፕላስቲክ ልጡ ደህና ሆኖ ውስጡ ለስልሶ ተገኘ። መዳቡ ከመታጠፍ ብዛት ልጡ ውስጥ ተበጥሷል። ሲመለሱ አሳየኋቸው። ጎበዝ አላሉኝም። ኪሳቸው ውስጥ ገብተው አንድ ጥቅል ነጭ የበግ ጠጉር ፈትል ሰጡኝ።

የፈትሉ ነገር እንዲህ ነው። የጥገና ካርድ ነበረን፤ ካርዱ ግን ለሪፖርት እንጂ ለሞተሩ የሚጠቅም ነገር አይጻፍበትም ነበር። ስለዚህ ጋሼ ተክሌ የራሳቸውን መላ አመጡ። ማንም ሰው አንድ ሽቦ ከፈታ፣ ሠርቶ ሲጨርስ እዚያው ላይ የራሱን ክር ያስራል። የሳቸው ጥቁር ነው፤ የኔ ነጭ። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው እዚህ ጋ የማን እጅ እንደነበረ ያውቃል፤ ጥፋት ከሆነም ባለቤቱ አይካድም። የሌላ ሰው ክር ደግሞ አይፈታም፤ የራስን አጠገቡ ማሰር ነው። መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር የማይገኝበት ቤት የለም፤ ስለዚህ ሲያልቅብን አልተቸገርንም። በዓመት በዓመቱ ከየቤታችን ይዘን እንመጣለን። ከዕቃ ጠባቂነት ወደ ጋራዡ በይፋ ተዛውሬ ደብዳቤው የደረሰኝ ክር ካሰርኩ ከሰባት ወር በኋላ ነው።

በለጠ ከአምስቱ ሞተሮች አንዱን የሚነዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ሁለታችንም ዕድሜያችን ገፋ ብሎ ነበር። ሞተሩን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያመጣዋል። አንድ ጊዜ ክላክሱ ደከመብኝ ይላል፣ አንድ ጊዜ ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ይላል ይላል። ጋሼ ተክሌ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አጣምረው ሞተሩን ዞሩት፤ ከዚያ በለጠንም ዞሩትና፣

«የሺ፣ ሞተሩ ደህና ነው። የታመመው ነጂው ነው» አሉኝ።

«መድኃኒቱን ለማን ላስፈርም ታዲያ?» አልኩ።

«ለሽማግሌ» አለ በለጠ። በፋሲካ ማግሥት ሽማግሌ ላከ።

ከጋብቻችን በኋላ በሁለተኛው ክረምት ላይ ነው ያ ጥፋት የደረሰው። የመንዝ ሰው ብርድ አያስደርስም፤ ሰውም ይሁን ዕቃ ባና ይደርብበታል። በለጠ ከገደሉ አፋፍ በጉም ውስጥ ሲነዳ እናቴ የሰጠችንን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ደርቦ ነው፤ ሲገባ ባናው ጤዛ ጠጥቶ ይከብዳል። እኔ ደግሞ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ባናውን ገና ትኩስ በሆነው ሞተር ላይ እደርበው ጀመር። ባናው ይደርቃል፤ ሞተሩም ጠዋት በአመዳይ አይደነዝዝም። የጎረቤት ሴቶች እንኳ አይተው አመሰገኑኝ።

ከወር በኋላ ሞተሩ ባትሪ ይጨርስ ጀመር። ጋሼ ተክሌ ወንድማቸው ሞተውባቸው ለለቅሶ መርሐቤቴ ወርደው ነበር። ብቻዬን ነኝ። ያስተማሩኝን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን በለጠ ይቸኩላል፣ ከቀየት ማዶ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል ተብሏል። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ያው የተከለከለው ቃል ነበር፤ ባትሪው ነው አልኩ። አዲስ ከተትኩ። በሳምንቱ እሱም ደከመ። ሬጉሌተሩ ነው አልኩና የመሰኪያውን ውስጥ ሳላይ ቀየርኩት፤ ነጭ ክሬንም አሰርኩ። በለጠ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላው ጭኖ ሄደ።

ሞተሩ ዳገቱ መሐል ላይ ጠፋ። በለጠ ሣጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ቀጠለ። ያ ቀን ደግሞ ክረምቱ ረስቶት እንደ ጥቅምት ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር። ሲደርስ በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ሞቋል። የሞቀ ክትባት አይሰጥም። ሌላ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ በዚያ መሐል በሽታው መንደሩን ዞረው። አቶ ደምሴ የሚባሉ አዛውንት ከሃያ ሁለት በጎቻቸው የተረፏቸው ሦስት ብቻ ነበሩ።

ጋሼ ተክሌ ተመልሰው ሞተሩን ዞሩት። ከዚያ በለጠን የጠየቁት እኔ ያልጠየቅኩትን ነው። «የት ነው የሚያድረው?» አሉት። ቤታችን መጡ። ባናው ሞተሩ ላይ ነበር። መዳፋቸውን ከሥሩ ሰደዱና እርጥቡን አሳዩኝ። የሞተሩ ትኩሳት ባናውን ሲያተነው፣ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መቀመጫው ሥር ገብቶ ያድር ኖሯል። መቀመጫውን አንሥተው ቢጫዎቹ ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ጋር የሚገናኙበትን መሰኪያ ነቀሉት። መዳቡ አረንጓዴ አብቅሏል። በፒንሳ ጫፍ ከውስጡ አንድ ጭብጥ የማትሞላ ጥቁር ጠጉር መዘዙ።

«ይሄን በግ ማነው እዚህ ያስገባው?» አሉ።

በለጠ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ግምገማ ተጠራ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በግምገማ ነው። ተነሥቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ ደረጃ እንደዘለልኩ፣ ባናውንም እኔ እንደደረብኩ ተናገርኩ። ኃላፊያችን ቸልተኝነት ነው ወይስ ሌላ ዓላማ ነበረሽ ብለው ጠየቁ። ጋሼ ተክሌ ቁጭ እንዳሉ፣ «ዓላማዋማ እንዳይበርደው ነበር» አሉ። ስብሰባው በማስጠንቀቂያ ተዘጋ።

ከዚያ ይልቅ የከበደኝ አቶ ደምሴ ራሳቸው ጋራዥ የመጡ ቀን ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው የፈለጉት በጎቻቸውን የፈጀውን ነገር ማየት ነው። ዝገት የበላውን መሰኪያ አሳየኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት አባቴ።»

«እኔም በጎቼን እንዳይበርዳቸው ብዬ አንድ ጎጆ ውስጥ አፍኜ ባላሳድራቸው በሽታው እንዲህ አይጋባባቸውም ነበር ይሉኛል» አሉና መለሱልኝ። «ሞተሩስ ተሠራ? ከማዶ ያሉት ገና አልተከተቡም።»

ተሠርቷል አልኳቸው። ምሳ እንዲቆዩልኝ ብለምንም አልቆዩም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ተክሌ ነጂዎቹም መሰኪያቸውን እንዲያውቁ አደረጉ። በለጠ ቡናማ ፈትል ተሰጠው። ብዙ አላሰረበትም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ወይም አምስት ቦታ ቢሆን ነው፣ መንገድ ላይ ሲቀር። ክሩን ግን ከሺህ ክር መሐል እለየዋለሁ። የእንስሳ ቁስል ሲሰፋ እንደሚያደርገው ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ይቋጥርና ጫፉን በጥርሱ ይቆርጠዋል። መቀስ አጠገቡ ቢኖርም በጥርሱ ነው።

ዓመታቱ አለፉ። ኃላፊዎች ተቀያየሩ፤ በየጊዜው አዲስ የአሠራር ለውጥ መጣ ተብሎ ግድግዳው ላይ ቻርት ተለጠፈ፤ እኔም በየዓመቱ ቅጽ ሞላሁ። መንገዱ ተሻሻለ፤ ከበለጠ በቀር የሌሎቹ ነጂዎች ሞተሮችም አዳዲሶች ሆኑ። ጋሼ ተክሌ አርጅተው ወደ አገራቸው ሲወርዱ አምፖሏን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጨረሻ ያሉኝ «አንዷንም ደረጃ እንዳትዘይ» ነው። በለጠ ጡረታ ሲወጣ ያ ሞተሩ አርጅቷል ተብሎ ጨረታ ወጣበትና ገዛው። አርጅቷል አይባልም ነበር፤ እኔ ነኝ ጠግኜ የያዝኩት። ጡረተኛ ሆኖም ድሮ የሚከትባቸውን መንደሮች እየዞረ ሰው ይጠይቅ ነበር። «ዶክተር መጣ» ይሉታል። የዚያን ሞተር ድምፅ ከሞላሌ መንገድ መታጠፊያው ላይ ሆኖ አውቀዋለሁ። ማርሽ ሲቀንስ ትንሽ ያስነጥሰዋል። ያን ስሰማ ምሳ ማቅረብ እጀምራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ልቡ ታመመ። ደብረ ብርሃን ወስጄው ሐኪሙ ልቡ እንደሰፋ ነገረን፤ ብርድና መንገጫገጭ ክፉ ነው፣ ሞተር ይቅርብህ አለው። በለጠ ሞተሩ ነው የሚሸከመኝ እንጂ እኔ አልሸከመው ብሎ ሳቀ። ትዕግሥት ያን ሰሞን ዘመሮ ተመድባ ስለነበር የሥራ ቦታዋን በሞተሩ ሄዶ ማየት ፈለገ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ከመንገድ ተመለሰ። ሁለተኛው ጊዜ ሲገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር፤ ከሞተሩ ለመውረድ መሪውን ተደግፎ ብዙ ቆየ። እኔም ቆሜ አየሁት።

በማግሥቱ እሱ ለሰው ቀብር ሲወጣ መቀመጫውን ፈታሁ። በልማዴ ሽቦዎቹን በጨርቅ ወልውዬ አቧራቸውን አነሣሁ። ያንኑ መሰኪያ፣ ድሮ ጠጉር የወጣበትን፣ ነቅዬ ከባትሪው ሣጥን ጀርባ ሸጎጥኩት። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ነጩ ክር ሄደ። መለስኩት። በሥራ ዘመኔ ፈትቼ ክር ያላሰርኩበት ሽቦ እሱ ብቻ ነው።

ባትሪው በሦስት ቀን ሞተ። ዲናሞው ውስጥ ያለው ጥቅልል ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃው ደግሞ ጠፍቷል አልኩት። «አንቺ ታገኚዋለሽ» አለኝ። እኔም የምፈልግ መምሰል ነበረብኝ።

እንግዲህ ቅዳሜዎቹ የመጡት እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሞተሩን ፀሐይ ላይ አወጣለሁ፤ በለጠ ባናውን ደርቦ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰንበት ስለሆነ ከባድ ሥራ አይሠራበትም፤ እኔ ግን ሥራ አልነበረም የምሠራው። የፊት መብራቱን እፈታለሁ፣ መሪው አንገት ላይ ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እጨምቃለሁ፣ አምፖሏን እያስነካሁ ይበራል አይበራም እላለሁ። እሱ ካቻቢቴ ያቀብለኛል። እያቀበለኝ ያወራል። የቱ ዳገት ላይ የቱ ፊውዝ እንደተቃጠለበት፣ የማን ላም ስትወልድ እንደረገጠችው። ሃያ ዓመት እሱ መንገድ ላይ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ስንኖር ያልተጨዋወትነውን ያን ጊዜ ነው የተጨዋወትነው። «ኢንጅነሯ፣ ዛሬስ ምን ትላለች አምፖልሽ?» ይለኛል። ዝም አለች እለዋለሁ። «እሺ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትንገረን» ይላል።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም። ጠዋት ትዕግሥት ደውላ አባቷን መቼ ነው የምትመጣው ብላው ነበር፤ ሞተሩ ሲሠራ አላት። ልነግረውና መሰኪያውን ልመልስ፣ ከፈለገም እኔ ከኋላው ተቀምጬ ልሄድ ወሰንኩ። ካቻቢቴውን ይዤ ከፊት ተነሣሁና ወደ መቀመጫው ዞርኩ። በለጠ እጁን መቀመጫው ላይ አኖረ።

«እዚያ ምንም የለም» አለኝ። «ከፊት ፈልጊ።»

«ልየው እንጂ» አልኩ።

«ከፊት ነው አልኩሽ። ደግሞ ዛሬ ይበቃል፣ ፀሐይዋ ላይ ተቀመጪ።»

ሞተር የማያውቅ ሰው ምክር ነው ብዬ አለፍኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዘመሮ ኋላ በአውቶቡስ ወሰድኩት፤ መስኮቱን ተደግፎ መንገዱን ሲያይ ሄደ። ከተመለስን በኋላ አምስት ቅዳሜ ነው የቀረን። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ባናውን እንደደረበ፣ ፀሐይ ላይ በተቀመጠበት አረፈ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት እስከ ዓርብ ነው። የቀረውን ዛሬ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጽፈዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ሞተሩን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። የገዛሁት አዲስ ባትሪ ዓርብ ሙሉ ቀን ቻርጅ ሲደረግ ውሎ ነበር። መጀመሪያ እጄን አጣምሬ ዞርኩት። ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች ፈትቼ መቀመጫውን አነሣሁ። የሞተውን ባትሪ አወጣሁና ከሣጥኑ ጀርባ እጄን ሰድጄ መሰኪያውን ሳብኩት። እንደተነቀለ ነው።

ቢጫዎቹ ሽቦዎች ላይ ክር ነበር። ቡናማ። ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ የተቋጠረ፣ ጫፉ በጥርስ የተቆረጠ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሥራዬን የማውቅ ሰው ነኝና የመመርመር ልማዴ ተነሣብኝ፤ መቼ ነው ያሰረው? ሽቦዎቹ ላይ የሁለት ዓመት አቧራ ተጋግሯል። ክሩን ሳልፈታ በጥፍሬ ትንሽ ገፋ አድርጌ ከሥሩ አየሁ። ከሥሩ ልጡ ንጹሕ ቢጫ ነው፤ እኔ በጨርቅ ወልውዬ የተውኩት ዓይነት። አቧራው የመጣው ከክሩ በኋላ ነው ማለት ነው። በለጠ ያሰረው በፈታሁ ሰሞን ነው፤ እኔ ቢሮ ስውል፣ ምናልባትም በሳምንቱ። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትመጣ ያውቅ ነበር። ሁሉንም ቅዳሜ እያወቀ ነው ካቻቢቴ ያቀበለኝ።

መመለስ ይችል ነበር። መሰኪያ መሰካት ማንም ይችላል። እሱ ግን አየና፣ ማየቱን በክር ነገረኝና፣ እንደነበረ ተወው። እጁንም መቀመጫው ላይ ያኖረው ለዚህ ነበር።

መሰኪያውን አጽድቼ መለስኩት። ከቡናማው አጠገብ ሁለት ዓመት የዘገየውን ነጭ ክሬን አሰርኩ። አዲሱን ባትሪ ከትቼ ማሳውን አጠበቅኩ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣ። ጋዝ ስሰጠው ቴስተሩ አሥራ ሁለት ከምናምን ላይ ነበር፤ አሥራ ሦስት አለ፣ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ጋዙን ስለቅ ትንሽ አስነጠሰው። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሳላስበው ወደ ማድ ቤት ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ።

ትዕግሥት የደረሰችው ሞተሩ ገና እየሠራ ነው። ከበሩ ላይ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ መጥታ ታንከሩ ላይ እጇን ጫነች። ባና እንዳትደርቢበት አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መቀመጫው ሥር አየች።

«ምኑ ነበር እማዬ? ያን ሁሉ ጊዜ ፈልጋችሁ ያጣችሁት?»

«አባትሽ አግኝቶት ነበር» አልኳት።